የቦቬ ካቴድራል፦ ለእግዚአብሔር ክብር የሚሠራ ሥራ ልክ አለውን?

ለእግዚአብሔር ክብር ተብሎ የሚሠራ ሥራ ልክ ሊኖረው ይገባልን? አንዳንዱ ሰው «ለእግዚአብሔር በዛ የሚባል ነገር የለም» ይላል። ሌላው ደግሞ «እግዚአብሔር የሚሻው ልብን ነው፤ ድንጋይ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ጉዳዩን ሳይመረምሩ ለመዝጋት ይመቻሉ። በባዶ ቃል ከመከራከር ጥያቄው በእርግጥ የተነሣበትን አንድ ሥራ መመልከት ይሻላልና፣ በፈረንሳይ አገር በቦቬ ከተማ የሚገኘውን የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ታሪክ ለአንባብያን አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦቬ ከፓሪስ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በመካከለኛው ዘመን የከተማይቱ ጳጳስ መንፈሳዊ አባት ከመሆናቸውም በላይ የአካባቢው መስፍን፣ ከፈረንሳይ ዘውድ ታላላቅ ባለሟሎችም አንዱ ነበሩ። በ1225 ዓ.ም. የቀድሞው ካቴድራል በእሳት በተጎዳ ጊዜ ጳጳሱ ሚሎን ዴ ናንተይ ከካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ ጋር ተማክረው አዲስ ሕንፃ እንዲጀመር ወሰኑ። ለዚህም ጳጳሱና ካህናቱ ከገቢያቸው አንድ አሥረኛውን እስከ አሥር ዓመት ድረስ ለሕንፃው ሊሰጡ ቃል ገቡ። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ሥራውን ያሰቡት ሰዎች የመጀመሪያውን ወጪ የቈረሱት ከራሳቸው ጎተራ ነው። እርግጥ ነው፣ ያ ጎተራ ራሱ የሚሞላው ገበሬውና ነጋዴው በሚከፍሉት ግብር ነበረ።

ያ ዘመን የሰሜን ፈረንሳይ ከተሞች በቤተ ክርስቲያን አሠራር እርስ በርስ የሚሽቀዳደሙበት ዘመን ነበረ። አስቀድሞ የድንጋይ ጣሪያ የሚሸከመው ወፍራም ግድግዳ ስለ ነበር መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡም ጨለም ያለ ነበረ። የድንጋይ ቅስት ምንጊዜም ሁለቱን ጎኖቹን ወደ ውጭ ይገፋልና፣ ግድግዳው ከሳሳ ጣሪያው ይከፈታል፤ ከተከፈተም ይወድቃል። ጎቲክ የሚባለው አሠራር ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈታው። ሹል ቅስትን በመጠቀም፣ የጣሪያውንም ክብደት እንደ ጎድን አጥንት በተዘረጉ ቅስቶች ሰብስቦ በዓምዶች ላይ በማሳረፍ፣ ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል ደግሞ በአየር ላይ በተዘረጉ ደጋፊ ቅስቶች አሻግሮ ከሕንፃው ውጭ ለቆሙ ከባድ ግንቦች አስረከበ። በዚህ ምክንያት ግድግዳው ከሸክሙ ነጻ ወጣ፤ ስፍራውንም ለመስታወት ለቀቀ። ወደ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የሚገባ ሰው ብርሃኑን አይቶ ይደነቃል፤ ብርሃኑን ያስገባው ግን ከውጭ በዝናብና በነፋስ ቆሞ የሚሸከመው፣ ማንም ብዙ የማያየው ደጋፊ ነው።

የጣሪያውን የውስጥ ከፍታ ብናነጻጽር ሽቅድድሙ ይታያል። በፓሪስ የእመቤታችን ካቴድራል 33 ሜትር፣ በሻርትር 37 ሜትር፣ ከቦቬ ብዙ በማይርቀው በአሚየን ደግሞ 42 ሜትር ያህል ነው። የቦቬ ካቴድራል የመቅደሱ ክፍል በ1272 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ቅስት ድረስ 48 ሜትር ያህል ሆነ፤ ይህም አሥራ ስድስት ፎቅ ያለውን ሕንፃ ያክላል። ከዚያ ወዲህ የትኛውም የጎቲክ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይህን ከፍታ አላለፈውም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ በመካከሉ ከፍታው ከመጀመሪያው አሳብ በላይ ተጨምሯል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ።

እንግዲህ የሆነው በ1284 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሥራው ከተፈጸመ ከአሥራ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ የመቅደሱ ጣሪያ ከፊሉ ተደረመሰ። ምክንያቱን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ዓምዶቹ ከመጠን በላይ ተራርቀው ስለ ቆሙ ነው የሚሉ አሉ፣ ከባሕር የሚመጣው ብርቱ ነፋስ የውጭ ደጋፊዎቹን ስላናጋ ነው የሚሉም አሉ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህን ታሪክ ለልጆች ቢነግር ወዲያው የባቢሎን ግንብ ትዝ ይለዋል። «ታበዩ፤ እግዚአብሔርም አወረዳቸው» ለማለት ይቸኩላል። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ጌታችን ራሱ በሉቃስ ወንጌል በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን ሰዎች ሲያነሣ፣ እነዚያ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ በግልጽ ይነቅፋል። የወደቀ ሁሉ ተቀጥቶ እንደ ወደቀ ካመንን፣ የቆመ ሁሉ ጸድቆ እንደ ቆመ ማመን ይኖርብናል፤ ይህም ብዙ የግፈኛ ቤተ መንግሥቶችን ሊያጸድቅብን ነው። ድንጋይ የሚወድቀው ክብደቱ ከደጋፊው ሲበልጥ ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚነሣው ከውድቀቱ በፊትና ከውድቀቱ በኋላ በሰዎቹ ልብና ምክር ውስጥ ነው።

በዚህ ነገር ብርሃን የሚሰጠን ሊቅ በዘመኑም ቅርብ ነበረ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ለሁለተኛ ጊዜ በፓሪስ ያስተማረው ከ1269 እስከ 1272 ዓ.ም. ድረስ ነው፤ የቦቬ መቅደስ ሊያልቅ የመጨረሻው ድንጋይ በሚቀመጥበት ወራት ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት በጻፈው የ«ሱማ ቴኦሎጂካ» ክፍል ውስጥ ታላቅ ነገርን መሻት በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ልበ ታላቅነት በጎነት እንደሆነ ያስተምራል። በታላቅ ወጪ ታላቅ ሥራን የመሥራትንም በጎነት ለብቻው ያነሣል፤ ከሰው ሥራ ዓላማዎች ሁሉ የእግዚአብሔርን ክብር የሚያህል ስለሌለ ይህ በጎነት ከሁሉ ይልቅ በዚያ ይገለጣል ይላል። ተቃራኒው ሥራው የሚጠይቀውን ወጪ የሚሰስት ንፉግነት ነው። እንግዲያውስ ከፍ አድርጎ መሥራት ብቻውን ትዕቢት ሊባል አይችልም። ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ በዚያው ስፍራ ሌላ ስም ይጠራል፤ ይኸውም ከዐቅም በላይ መዳፈር ነው። ተዳፋሪ የሚባለው ሰው የተመኘው ነገር ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ጥፋቱ በራሱ ዐቅምና በያዘው ሥራ መካከል ያለውን ርቀት ለማየት አለመፍቀዱ ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን ብንመዝን በ1225 ዓ.ም. የተጀመረውን ሥራ ድፍረት ነው ለማለት ይከብዳል። ግንበኞቹ የሚያውቁት ልምድን ነበረ፤ የድንጋይን ኃይል በቁጥር የሚያሰላ ሳይንስ ገና አልነበረም። ከአሚየን ስድስት ሜትር ከፍ ማለት አደገኛ መሆኑን የሚነግራቸው የቀደመ ምሳሌ አላገኙም፤ ምሳሌ የሆኑት እነርሱ ራሳቸው ናቸው። ከውድቀቱ በኋላ ያደረጉት ነገር ደግሞ ልባቸውን ያሳያል። ተራርቀው በቆሙት ዓምዶች መካከል ተጨማሪ ዓምዶችን አቆሙ፤ ሰፊው ቅስት በሁለት ጠባብ ቅስቶች ተከፈለ። የመጀመሪያው ውበት፣ ያ ሰፊና ቀላል የነበረው አከፋፈል፣ በዚህ ጠፋ። ዛሬም መቅደሱን የሚያይ ሰው የተጨመሩትን ዓምዶች ይለያቸዋል። ለአሥርታት ደክመው የራሳቸውን ሥዕል በራሳቸው እጅ አበላሹ፤ ሕንፃውም ቆመ። ለእኔ ከ48 ሜትሩ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ከዚህ ጋር ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ክስ አለ፤ የድሆች ክስ። ቦቬ ከመጀመሩ መቶ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1125 ዓ.ም. ገደማ፣ ቅዱስ ቤርናርዶስ ዘክሌርቮ የአብያተ ክርስቲያናትን ከልክ ያለፈ ቁመትና ጌጥ ነቅፎ ጽፎ ነበር፤ ግድግዳው በወርቅ ሲያብረቀርቅ ድሃው ተርቦ ይቆማል ብሎ ተቈጣ። በአንጻሩ የሳን ደኒ ገዳም አበምኔት ሱዤ በ1144 ዓ.ም. የተባረከውን አዲሱን መቅደሱን ሲሠራ፣ የሚታየው ብርሃን ልብን ወደማይታየው ብርሃን ያነሣል ብሎ ያምን ነበር። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ እንደ ጠላት ሆነው ይቀርቡልናል። ቅዱስ ቤርናርዶስ ግን የጻፈው ለመነኮሳት ነው፤ ጳጳሳት ላልተማረው ሕዝብ ሓላፊነት ስላለባቸው በሚታይ ነገር መጠቀማቸው ሌላ ጉዳይ መሆኑን እርሱ ራሱ ይናገራል። ድሃው ሰው ጎጆው ጨለማ ሲሆን በእሑድ ቀን የሚገባበት፣ የእርሱም የሆነ አንድ ብርሃን የሞላበት ቤት ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚንቁት ብዙውን ጊዜ በቤታቸው ሰፊ መስኮት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሆኖም ክሱ በዚህ አያልቅም። በ1233 ዓ.ም. በቦቬ ከተማ በድሆቹና በገንዘብ ነጋዴዎቹ መካከል ታላቅ ሁከት ተነሣ። ንጉሡ በሥልጣኑ የከተማ ሹም ሾሞ ስለ ነበር ነገሩ ወደ ንጉሡ ደረሰ፤ ንጉሡም ገብቶ ቀጣ። ጳጳሱ ሚሎን ሥልጣኔ ተደፈረ ብለው ተቃወሙ፤ ገቢያቸውም ተያዘባቸው፤ ክርክሩ ሳያልቅ በ1234 ዓ.ም. ዐረፉ። ለሕንፃው የታሰበው ገንዘብም በዚህ ተናጋ። በአንድ ከተማ ውስጥ መሠረቱ የሚቈፈርበትና ሰው በሰው ላይ የሚነሣበት ዘመን አንድ ነበረ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን መሥራቱ ሁከቱን አመጣ አልልም። ግን የእግዚአብሔር ቤት ግድግዳ በሚነሣበት ከተማ የእግዚአብሔር ሕዝብ እንዴት ሰንብቷል ብሎ መጠየቅ ከሥራው ሒሳብ ውጭ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ውድቀት እንለፍ። እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ የመቅደሱ ታሪክ ነው። የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መሠረት በመስቀል ቅርጽ የሚነደፍ መሆኑ ይታወቃል፤ በምሥራቅ በኩል ራሱ መቅደሱና የካህናቱ ስፍራ ነው፤ በሰሜንና በደቡብ ሁለት ክንዶች ይዘረጋሉ፤ ወደ ምዕራብ የሚረዝመው እግሩ የምእመናን መቆሚያ ነው። በቦቬ ራሱ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የነበረው የመቶ ዓመት ጦርነትና ሌላውም መከራ ሥራውን ስላቋረጠው ሕዝቡ ከአዲሱ መቅደስ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በአሮጌው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መገልገሉን ቀጠለ። በ1500 ዓ.ም. የታወቀው የግንባታ ሊቅ ማርቲን ሻምቢዥ ተጠርቶ ክንዶቹን ጀመረ፤ እርሱ በ1532 ዓ.ም. ሲሞት ሌሎች ቀጥለው በ1548 ዓ.ም. ገደማ አጠናቀቁአቸው። የደቡቡ በር ጌጥ በድንጋይ ላይ የተጠለፈ ጥልፍ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የምእመናኑ ስፍራ ነበረ። የካህናቱ ጉባኤ ግን ሌላ መረጠ። ክንዶቹ በሚገናኙበት በመካከሉ ላይ ታላቅ ማማ እንዲሠራ ተወሰነ። ከታች በድንጋይ፣ ከላይ በእንጨት የተሠራው ይህ ማማ በ1569 ዓ.ም. ሲያልቅ ጫፉ ከመሬት 153 ሜትር ደረሰ፤ በዘመኑ በዓለም ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ሆነ። ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከሙት አራት ዓምዶች ናቸው። በምሥራቅ መቅደሱ፣ በሰሜንና በደቡብ ክንዶቹ ይደግፉአቸዋል። በምዕራብ በኩል ግን የምእመናኑ ስፍራ ስላልተሠራ የሚደግፋቸው አልነበረም።

ዓምዶቹም ደጋፊ ወዳጡበት ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመሩ። በ1571 ዓ.ም. የንጉሡ የግንባታ ባለሙያዎች ተጠርተው መረመሩና አደጋውን ተናገሩ፤ መድኃኒቱ ቢያንስ የምእመናኑን ስፍራ የመጀመሪያ ክፍሎች ፈጥኖ መሥራት መሆኑን አስታወቁ። ጉባኤው አመነታ፤ ነገሩ ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ። ኤፕሪል 30 ቀን 1573 ዓ.ም. የጌታችን የዕርገት በዓል ነበረ። ሕዝቡና ካህናቱ በዑደት ከቤተ ክርስቲያኑ እንደወጡ ማማው ተንዶ ወረደ። የቆመው ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነበረ።

የ1284ቱና የ1573ቱ ውድቀት በዐይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በሕሊና ሲመዘኑ ግን ይለያያሉ። በመጀመሪያው ያስጠነቀቀ አልነበረም፤ በሁለተኛው የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ ተናግሯል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ያስተምራል፤ በቦቬ ቈጣሪ ነበረ፤ የጐደለው ሰሚ ነው። ቅዱስ ቶማስ ድፍረት ያለው ይህን ይመስለኛል። ደግሞም የቅደም ተከተል ጉዳይ አለ። ለቅዳሴ ሕዝቡ የሚቆምበት ቦታ ሳይኖር ከሩቅ አገር የሚታይ ጫፍ አስቀደሙ። እዚህ ላይ ምሳሌ ፈጥሬ ከግንቡ ጋር እያጣበቅሁ አይደለም፤ የግንባታው ሕግ ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። ማማው ለመቆም የምእመናኑ ስፍራ ያስፈልገው ነበረ።

አንድ ሰው «ጥፋቱ የጥቂት ካህናት ነው፤ ሕዝቡ ምን አደረገ?» ሊል ይችላል። ነገር ግን ረጅም ማማ ያላት ከተማ ነዋሪ መሆን ማንንም አያስከፋም። እኛም በየቁምስናችን ሕንፃ ሲታሰብ አስቀድሞ የምንጠይቀው ስለ ደወሉ ቤት ይሆን ወይስ ሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ስለሚማሩበት ክፍል? ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ስሙ ሊጻፍ በሚችልበት፣ ከመንገድ በሚታይ ነገር ላይ መስጠት ይወዳል፤ የመሠረቱን ድንጋይ የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ይህም በቦቬ ካህናት ብቻ የተጀመረ ጠባይ አይደለም።

ከ1573 ዓ.ም. በኋላ የተረፈው ገንዘብና ጉልበት የፈረሰውን ጣሪያ በመጠገን አለቀ። ማማው ዳግመኛ አልተሠራም። የምእመናኑ ስፍራ አንድ ክፍል ብቻ ተጀምሮ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ቆመ፤ የምዕራቡ ወገንም በግድግዳ ተዘጋ። በጁን 1940 ዓ.ም. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦቬ አሮጌ ከተማ በቦምብና በእሳት ሲወድም፣ ይህ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሕንፃ በፍርስራሹ መካከል ቆሞ ተገኘ።

ቆሟል ስንል ያለ ችግር ቆሟል ማለታችን አይደለም። የውጭ ደጋፊ ግንቦቹ እርስ በርስ በብረት ዘንጎች የተያያዙ ናቸው። በ1960ዎቹ ዓመታት እነዚህ ብረቶች መልኩን ያበላሻሉ ተብለው ከፊሎቹ ተነሥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር ደጋፊዎቹ ሲወዛወዙ ስለታየ ፈጥነው በብረት ዘንግ እንዲታሰሩ ተደረገ። በ1990ዎቹ ደግሞ በሰሜኑ ክንድ ውስጥ ግድግዳውን ከግድግዳ የሚደግፉ ከእንጨትና ከብረት የተሠሩ ታላላቅ ድጋፎች ገቡ። ጎብኚዎች ፎቶግራፍ ሲያነሡ እነዚህ ድጋፎች እይታቸውን ይጋርዱባቸዋል። ድጋፎቹን የማይወዱ አሉ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ከተጨመሩት ዓምዶች ጋር ዘመዳሞች ናቸው እላለሁ።

ዛሬ በቦቬ ካቴድራል ምእመናን ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ሲሰበሰቡ ወደ ምሥራቅ ቢመለከቱ ያ ሁሉ ከፍታና የመስታወት ብርሃን አለ። ወደ ምዕራብ ቢዞሩ ከአንድ ክፍል በኋላ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው በስተ ጀርባ ከአሥረኛው መቶ ዓመት የተረፈው ያ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በፈረንሳይኛ ባስ ኧቭር ይሉታል፣ «ዝቅተኛው ሥራ» ማለት ነው። ጣሪያው እንጨት ነው፤ ግድግዳው ከሮማውያን ዘመን ሕንፃዎች ፍርስራሽ በተለቀሙ ትናንሽ ድንጋዮች የተገነባ ነው። ታላቁ ካቴድራል ወደ ምዕራብ እየረዘመ ሲሄድ ቦታውን እንዲለቅ ታስቦ ከፊሉ ፈርሷል፤ ሦስቱ ክፍሎቹ ግን የሚያፈርሳቸው ሥራ ስላልደረሰባቸው እስከ ዛሬ በስፍራቸው አሉ።